የአሳማ ገበያ፦ ትርፉ ከጓሮ፣ ኪሳራው ከደላላው ጫማ

ዕቃ ሲጠፋ ዋጋው ይወደዳል። ይህ በመርካቶም ሆነ በሌላ ገበያ የታወቀ ሕግ ነው። በኡጋንዳ የአሳማ ገበያ ግን አልፎ አልፎ ተቃራኒው ይታያል። አሳማው በየመንደሩ እየሞተ ቁጥሩ ሲያሽቆለቁል ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ሳምንታት አልፈው በረቱ ባዶ ሲቀር ዋጋው ይነሳል፤ ያን ጊዜ ግን የሚሸጥ አሳማ በእጁ ያለው ገበሬ ጥቂት ነው። በመካከሉ ያተረፈ የሚመስለው በወረደ ዋጋ ገዝቶ ከተማ ያደረሰው ደላላ ሲሆን እሱም ትርፉን የሚያየው ለአንድ ሰሞን ብቻ ነው።

የአገራችን አብዛኛው ሕዝብ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በእምነቱ ምክንያት አሳማ አይበላም። ሆኖም ሥጋውን የማይቀምስ ሰው ሒሳቡን ከመቅመስ የሚከለክለው የለም። በጥቂት ገንዘብ፣ በጠባብ ጓሮ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚወልድ እንስሳ የሚነገረው ሁሉ ዶሮና በግ ለሚያረባውም ሆነ በዚያ ንግድ ለሚያገበያየው ሰው የሚጠቅም ነው።

ከባንክ በፊት የነበረ ባንክ

ኡጋንዳ በምሥራቅ አፍሪካ የአሳማ ሥጋ በብዛት የሚበላባት አገር በመሆን ትታወቃለች። በ2008 በተካሄደው የእንስሳት ቆጠራ (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 3.2 ሚሊዮን አሳማዎች ተመዝግበዋል። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት በ2011 ባወጣው አኃዝ ደግሞ የአንድ ሰው ዓመታዊ ፍጆታ 3.4 ኪሎ ነበር። በካምፓላና በሌሎች ከተሞች በመንገድ ዳር የሚገኙት የአሳማ ጥብስ ቤቶች ማታ ማታ በሰው ይሞላሉ፤ ሥጋው ከተቀቀለ ካሳቫ፣ ከጥሬ ጎመን፣ ከቲማቲምና ከሽንኩርት ጋር ይቀርባል።

ይህን ሁሉ ሥጋ የሚያቀርቡት ታላላቅ የእርባታ ድርጅቶች ናቸው ብሎ የሚገምት ሰው ይሳሳታል። አብዛኛው የሚመጣው አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት አሳማ በጓሮው ካሰረ ቤተሰብ ነው። ቀለቡን የሚያቀርቡት፣ ውኃ የሚቀዱትና በረቱን የሚጠርጉት በአመዛኙ ሴቶችና ልጆች ናቸው። በኡጋንዳ የትምህርት ዓመቱ በሦስት የሚከፈል ሲሆን እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ሲጀመር ክፍያ ይጠየቃል። አሳማውም ከበረት የሚወጣው በዚያው ሰሞን ነው። የታመመ ሲኖር፣ ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲመጣም እንዲሁ ይሸጣል። በአጭሩ ቤተሰቡ አሳማውን የሚያየው እንደ ቁጠባ ደብተር ነው።

ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። ገበሬው የሚሸጠው ገንዘብ ሲቸግረው እንጂ አሳማው ለገበያ ሲደርስ አይደለም። ደላላው ደግሞ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፈልበትን ሳምንት ከገበሬው በላይ ያውቃል።

ዓይንና ሜትር

በመንደር ግዢ ሚዛን የለም። ደላላው ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ ጀርባውን በእጁ ዳበስ ያደርጋል፣ ዋጋ ይቆርጣል። በቀን ብዙ አሳማ የሚያይ ዓይንና በዓመት ሁለቴ የሚሸጥ ዓይን እኩል አይገምቱም። ልዩነቱም ወደ ማን ኪስ እንደሚገባ ግልጽ ነው።

መፍትሔው ከልብስ ሰፊ የሚገኝ ሜትር ነው። በመጀመሪያ የደረቱ ዙሪያ ከፊት እግሮቹ በስተኋላ ይለካል። ቀጥሎ ርዝመቱ ከሁለቱ ጆሮዎች መሐል ተነስቶ በጀርባው በኩል እስከ ጅራቱ ሥር ይለካል። ሁለቱም በሜትር ይጻፋሉ። ከዚያ የደረቱ ዙሪያ በራሱ ይባዛል፣ ውጤቱ በርዝመቱ ይባዛል፣ በመጨረሻም በ69.3 ይባዛል፤ የሚገኘው የቁም ክብደቱ በኪሎ ነው። ለምሳሌ የደረቱ ዙሪያ 95 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ አሳማ 56 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ታርዶ ሲጸዳ ከቁም ክብደቱ ከመቶ 70 እስከ 75 ያህሉ ስለሚቀር ከዚህ አሳማ 40 ኪሎ ግድም ሥጋ ይጠበቃል።

ስሌቱ ግምት ነው፤ በጥቂት ኪሎ ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል ይችላል። ቢሆንም በዓይን ከሚቆረጥ ዋጋ እጅግ ይሻላል። ሜትሩ ደላላውንም አይጎዳውም፤ ለከተማው ነጋዴ የገባውን ኪሎ ባለማግኘቱ የሚከስርበት ጊዜ ቀላል አይደለምና።

የገና አሳማ በጥር 1 ይጀመራል

አሳማ የምታረግዘው 114 ቀን ነው። የአገሩ ሰው ሦስት ወር፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ቀን ብሎ ይይዘዋል። ጥር 1 ቀን የተጠቃች አሳማ ሚያዝያ 25 ትወልዳለች፤ ግልገሎቹም ታኅሣሥ 25፣ ማለትም በዚያ አገር የገና ዕለት፣ ልክ ስምንት ወር ይሞላቸዋል። በመንደር አያያዝ አሳማ ለእርድ የሚደርሰው በዚህ ዕድሜ አካባቢ ስለሆነ የገናን ከፍተኛ ገበያ የሚፈልግ ሰው ሥራውን መጀመር ያለበት ከአንድ ዓመት በፊት ነው። በጥቅምት ወር ግልገል ገዝቶ ለገና አደርሳለሁ የሚል ሰው ዘግይቷል።

ያልወለደች ሴት አሳማ ሰውነቷ በሚገባ ጸንቶ ስምንት ወር ገደማ ሳይሞላት መጠቃት የለባትም። ስትመረጥም ጡቷ ይቆጠራል፤ ቢያንስ 12፣ ቢቻል 14 የተስተካከለ ጡት ያላት ትፈለጋለች። ከጡቷ ቁጥር በላይ ግልገል ብትወልድ የሚተርፈው ይራባልና። ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ ሲሆን ፍላጎቷ የሚቆየው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ነው። ብልቷ ያብጣል፣ ይቀላል፤ ወገቧ በእጅ ሲጫን ቀጥ ብላ ትቆማለች። ያን ጊዜ በአንድ ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ብትጠቃ የሚወለደው ቁጥር ይጨምራል። ይህ ቀን ያመለጠው ሰው የሦስት ሳምንት ቀለብ ያለ ጥቅም ከፈለ ማለት ነው።

ብዙ መንደሮች በአንድ አውራ አሳማ ይጠቀማሉ። ባለቤቱ የአገልግሎቱን ዋጋ በጥሬ ገንዘብ ወይም ከተወለዱት በአንድ ግልገል ይቀበላል። አሠራሩ ቀላልና ርካሽ ቢሆንም ሁለት አደጋ አለው። አንደኛው አውራው ውሎ አድሮ የገዛ ልጆቹን ማጥቃቱ ነው፤ የሚወለዱት ያንሳሉ፣ ይኮሰምናሉ። ሁለተኛው ከቤት ወደ ቤት የሚሄድ አውራ የሚያደርሰው ዘር ብቻ አለመሆኑ ነው። ይህ ወደ ኋላ ይመጣል።

ሲወለዱ የሚጠፋው ጉዳት ብዙ ጊዜ ከእናትየው ክብደት ነው። ስትተኛ ትጨፈልቃቸዋለች። ከግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከወለሉም ከፍ ብሎ የሚታሰር አግዳሚ እንጨት ግልገሎቹ የሚያመልጡበት ክፍተት ይተውላቸዋል። አዲስ የተወለደ ግልገል ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ በጥግ የተጎዘጎዘ ደረቅ ሣርና አምፖል ወይም የፍም ምድጃ ለዚህ ይበቃል። በሲሚንቶ ወለል ላይ የሚያድጉ ግልገሎች ከእናታቸው ወተት በቂ ብረት ስለማያገኙ በሦስተኛው ቀን አካባቢ የብረት መርፌ ይወጋሉ። መርፌው ርካሽ ነው። 10 ወልዳ 9 የምታሳድግ አሳማና 10 ወልዳ 5 የምታሳድግ አሳማ የሚበሉት ቀለብ እኩል ነው፤ ትርፍና ኪሳራን የሚለየውም ብዙ ጊዜ ይህ ልዩነት ነው።

ግልገሎቹ በስምንት ሳምንት ጡት ቢጥሉ እናትየው በአንድ ሳምንት ውስጥ እንደገና ኮርማ ትፈልጋለች። 114 ቀን፣ 56 ቀንና 7 ቀን ሲደመር 177 ይሆናል። በዓመት ሁለት ወሊድ የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው፤ አንድ ቀን መዘንጋት ግን ሒሳቡን ወዲያው ያፈርሰዋል።

ቀለብ ይበላል፣ ትርፍም ይበላል

ከአሳማ ወጪ ከመቶ 60 እስከ 70 የሚሆነው ቀለብ ነው። የጓሮ አርቢው ብልጫ ያለው የማይሸጠውን ነገር በማብላቱ ነው። የስኳር ድንች ሐረግ፣ የካሳቫ ልጣጭ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የጠላ ዓይነት መጠጥ አተላና የበቆሎ ፉርሽካ በኡጋንዳ ጓሮዎች የተለመዱ ናቸው። መራራው ካሳቫ መርዝነት ስላለው ልጣጩ ተከትክቶ በፀሐይ ሳይደርቅ አይሰጥም። ሐረግና ልጣጭ ሆድ ይሞላሉ እንጂ ሥጋ አይገነቡም፤ ስለዚህ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣው ትንንሽ ደረቅ ዓሣ ወይም የቅባት እህል ፋጉሎ በጥቂቱ ይጨመራል።

በዝናብ ወራት ሐረጉ ተትረፍርፎ ይበሰብሳል፣ በበጋ ይጠፋል። በአዲስ አበባም ግቢ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) እንደ ማሳካ፣ ሙኮኖና ካሙሊ ባሉት ወረዳዎች የአሳማ አርቢዎችን ችግር ሲያጠና የቆየ ሲሆን ከድንች ምርምር ማዕከል ጋር ሆኖ ያስፋፋው አንድ ዘዴ ይህን የሚመለከት ነው። ሐረጉ ይከተከታል፣ ይጠወልጋል፣ ከፉርሽካ ጋር ተደባልቆ አየር በማያስገባ ወፍራም ፕላስቲክ ወይም በርሜል ውስጥ ይታመቃል። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ለበጋ የሚሆን ቀለብ ይወጣል።

ቀለብ በገንዘብ ለሚገዛ አርቢ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ደህና ቀለብ የሚበላ አሳማ አንድ ኪሎ ለመጨመር 3.5 ኪሎ ያህል ይፈጃል። ቀለብ ከወጪው ከመቶ 70 ከሆነ የአንድ ኪሎ የቁም አሳማ ዋጋ ቢያንስ የአንድ ኪሎ ቀለብን ዋጋ አምስት እጥፍ ካልሆነ አርቢው የሚለፋው ለቀለብ ነጋዴው ነው። አሜሪካኖች ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ንጽጽር አላቸው፤ መቶ ፓውንድ የሚመዝን አሳማ ስንት ቡሼል በቆሎ ይገዛል ብለው ያሰላሉ። ቁጥሩ ሲያንስ አርቢው እናት አሳማዎቹን ያርዳል፣ ሲበዛ ይጨምራል።

ከዚህ የተነሳ የአሳማ ዋጋ እንደ ፔንዱለም ይወዛወዛል። ጀርመናዊው የምጣኔ ሀብት ሰው አርቱር ሀናው ይህን መወዛወዝ በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ አጥንቶ የአሳማ ዑደት በሚባለው ትምህርት ስሙ ይጠራል። ዋጋ ሲወደድ ሁሉም እናት አሳማ ያስቀራል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ የሁሉም ግልገሎች በአንድ ጊዜ ገበያ ይወጣሉ፤ ዋጋው ይወድቃል፤ ሁሉም እናቶቹን ያርዳል፤ እንደገና እጥረት ይሆናል። ለመንደር ገዢ ምልክቱ የሥጋ ዋጋ ሳይሆን የግልገል ዋጋ ነው። ጡት የጣለ ግልገል ዋጋው እየናረ ሲሄድ ብዙ ሰው ወደ ሥራው እየገባ ነው ማለት ስለሆነ ያን ጊዜ በውድ ገዝቶ መግባት የሚመከር አይመስልም።

የድንጋጤ ሽያጭ

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገር እንመለስ። አሳማ እያለቀ ዋጋው የሚወርደው የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት በሚባለው በሽታ ምክንያት ነው። በሽታው በሳይንስ መዝገብ የገባው በ1921 ከኬንያ በቀረበ ጥናት ነው። መነሻው በዱር አሳማዎችና በመዥገሮች መካከል የሚመላለስ ቫይረስ ሲሆን የዱሩን ሳይጎዳ የቤቱን ይገድላል። በ1957 ሊዝበን፣ በ2007 ጆርጂያ፣ በነሐሴ 2018 ቻይና ገባ። ከዓለም አሳማ ግማሽ ያህሉን ታረባ በነበረችው ቻይና በ2019 መጨረሻ የአሳማ ሥጋ ዋጋ ከዓመት በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ነበር። መድኃኒት የለውም። ኃይለኛው ዓይነት ከገባበት በረት የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። ሰውን ግን አይዝም።

ሰውን አለመያዙ ለጤና ደግ ቢሆንም ለገበያ ጠንቅ ነው። ጎረቤት አሳማ እንደሞተበት የሰማ ገበሬ የራሱ ከመሞቱ በፊት ገንዘብ ላድርገው ይላል። ማንም ሊፈርድበት አይችልም፤ ካሣ የሚከፍለው የለም፣ የልጆቹ የትምህርት ክፍያም በዚያው በረት ውስጥ ነው። በአንድ ሳምንት መንደሩ ሁሉ ሻጭ ሲሆን ደላላው የፈለገውን ዋጋ ይሰጣል። በሽታው ከተያዘ ከ4 እስከ 19 ቀን ሳይታይ ሊቆይ ስለሚችል ጤነኛ ተብሎ የተገዛው አሳማ ቫይረሱን ይዞ ሊሆን ይችላል። በሞተር ብስክሌት ላይ ታስሮ ወደ ከተማ ሲጓዝ፣ በመንገድ ላይ ከሌሎች ጋር ሲያድር፣ ታርዶ ደሙና አንጀቱ ሲጣል በሽታው አብሮ ይሄዳል። ቫይረሱ በደም ውስጥ፣ በቀዘቀዘና በጨው በታሸ ሥጋ ውስጥ ለወራት ይቆያል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ደላላው ራሱ ነው። ጠዋት የታመመ በረት ገብቶ የረገጠበትን ጫማ፣ አሳማውን ያሰረበትን ገመድ ይዞ ከሰዓት በኋላ ሌላ መንደር ይገባል። ተንኮል የለበትም፤ ሥራው ነው። ነገር ግን በዚያ ሳምንት በርካሽ ገዝቶ ያገኘውን ልዩነት በሚቀጥለው ዓመት ይመልሰዋል። የተጠረገ መንደር እንደገና አሳማ እስኪያቀርብ ያለውን ጊዜ ማስላት ከባድ አይደለም። የሁለት ወር ግልገል ተገዝታ ለመጠቃት ስድስት ወር፣ ለመውለድ አራት ወር ገደማ፣ ልጆቿ ለመድረስ ስምንት ወር፣ በድምሩ አንድ ዓመት ተኩል። እስከዚያ ደላላው ቤንዚን እያቃጠለ ሩቅ ወረዳ ይሄዳል።

ስለዚህ ጥንቃቄው ለገዢው የበጎ አድራጎት ሥራ ሳይሆን የሥራ ወጪ ነው። በረት ውስጥ አለመግባት፤ አሳማው ከግቢ ውጭ ወጥቶ እንዲለካና እንዲታይ ማድረግ። ለእያንዳንዱ መንደር የሚታጠብ ቦቲ ጫማ መያዝ፤ ጭቃውና ፍግ በሳሙና ሳይለቅ የሚረጨው ፀረ ተባይ ምንም አይሠራም። ገመድን ከሻጩ ጋር ትቶ በሌላ ማሰር። አርቢው በበኩሉ አዲስ የገባን አሳማ 30 ቀን ለብቻው ያቆያል፣ የምግብ ቤት ፍርፋሪ ሲያበላ ግማሽ ሰዓት ሳያፈላ አይሰጥም፣ አውራ አሳማም ወረርሽኝ በተሰማበት ሰሞን ከግቢ አያስገባም።

ምላስ የሚያየው ነጋዴ

ሌላም ነገር አለ። ልቅ የተለቀቀ አሳማ የሰው ዓይነ ምድር ስለሚበላ የኮሶ ትል እንቁላል ወደ ሥጋው ይገባና ሩዝ የሚያህሉ ከረጢቶች ይፈጥራል። ልምድ ያላቸው ነጋዴዎች ከመግዛታቸው በፊት የአሳማውን አፍ በእንጨት ከፍተው ምላሱን ከሥር ያያሉ፣ ይዳስሳሉ። እብጠት ካገኙ ዋጋ ይቀንሳሉ ወይም ይተዉታል። ይህ ጥሩ ልማድ ቢሆንም ምላሱ ንጹሕ የሆነ አሳማ ሁሉ ሥጋው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ቀላል መጠን ያለበትን አያሳይም። ሥጋው በሚገባ ካልበሰለ በላተኛው የኮሶ ትል ይይዘዋል፤ ትሉ ያለበት ሰው ዓይነ ምድር እንቁላል ወደ አፍ ከገባ ደግሞ ከረጢቱ በሰው አንጎል ውስጥ ተቀምጦ የሚጥል በሽታ ያመጣል። መጸዳጃ ቤት መቆፈርና አሳማን በበረት መያዝ ከዚህ የሚያድን ሲሆን ወጪው ከአንድ ከተጣለ አሳማ ዋጋ ብዙም አይበልጥም።

የቢሾፍቱ ምሳሌ

በኢትዮጵያ የአሳማ እርባታ ጥቂት ቢሆንም በሽታው አልዘለላትም። ከ2011 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት በቢሾፍቱና በሌሎች ቦታዎች ከታመሙ አሳማዎች የተወሰደው ናሙና ሲመረመር ቀደም ሲል በየትም ያልተመዘገበ የቫይረሱ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። በዓለም የዝርያዎች ዝርዝር 23ኛ ተብሎ ተመዝግቧል። በኡጋንዳና በኬንያ በስፋት የሚታወቀው 9ኛው ሲሆን የኢትዮጵያው ከእሱ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው።

ይህ ቁጥር ለነጋዴ ምን ይፈይዳል የሚል ቢኖር መልሱ በክትባቱ ላይ ነው። ቬትናም በ2023 ለገበያ የፈቀደችው ክትባት የተሠራው አውሮፓንና እስያን ያጠቃውን 2ኛውን ዝርያ ለመከላከል ነው። ክትባት ተገኘ የሚለውን ወሬ ሰምቶ በምሥራቅ አፍሪካ በዚህ ሥራ ገንዘቡን ለማዋል የሚነሳ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው መድኃኒቱ ለየትኛው ዝርያ እንደተሠራ ነው። እስከዚያው ያለው መከላከያ በረት፣ አጥር፣ ሳሙናና የታጠበ ጫማ ነው።